ኮርቻው መቅደላ አልወጣም

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው። ጠያቂያችን በርሚንግሃም፣ እንግሊዝ ይኖራሉ። ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ኮርቻ፣ ልጓምና ጥንድ እርካብ በአንድ ላይ ገዝተዋል። ሻጩ «ይህ በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ጋር መቅደላ የዘመተ የፈረሰኛ ዕቃ ነው» ብሏቸዋል። ለዚህ ያሳያቸው ማስረጃ በልጓሙ ብረት ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት የናስ ጌጦች ነው። ጌጦቹ ላይ ሦስት ላባና «3 ዲ ጂ» የሚል ጽሑፍ አለ። ኮርቻው ላይ ደግሞ የቀስት ምልክት፣ «ዎልሳል» የሚል ስምና «1915» የሚል ቁጥር ተመትቷል። ጠያቂያችን «1915 የዕቃ ቁጥር ይሆን? ወይስ ተሸወድኩ? ቆዳውንስ በምን ላጽዳው?» ይላሉ። ሰባት ፎቶ ልከዋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ከመጨረሻው ልጀምር። አያጽዱት። ቢያንስ ይህን አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ዘይትም፣ የኮርቻ ሳሙናም፣ የናስ መወልወያም አይንካው። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

1915 የተሠራበት ዓመት ነው። የዕቃ ቁጥር አይደለም። ኮርቻው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ኮርቻ ነው፣ ከመቅደላ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ይህን የምለው ግን ማህተሙን ብቻ አይቼ አይደለም። ማህተሙ ባይኖር ኖሮም መልሴ አይለወጥም ነበር፤ አጽሙ ራሱ ይናገራልና።

የእንግሊዝ ጦር ኮርቻ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው መገልበጥ ነው። ከላይ ያለው ቆዳ ሁልጊዜ ያታልላል። ይቀደዳል፣ ይቀየራል፣ ይጠገናል፣ ቀለም ይቀባል። ከሥር ያለው አጽም ግን እንደዚያ በቀላሉ አይቀየርም። አጽሙ በፈረሱ ጀርባ ግራና ቀኝ የሚያርፉ ሁለት ረጃጅም የእንጨት ሳንቃዎች አሉት። እነሱን ከፊትና ከኋላ የሚያያይዟቸው ሁለት ቅስቶች ናቸው። ዘመኑን የሚነግርዎ የእነዚህ ቅስቶች ሥራ ነው።

በ1856 የወጣው ለሁሉም ፈረሰኛ አንድ ዓይነት የሆነ ኮርቻ ቅስቱ እንጨት ነበር። መቅደላ ላይ አንድ የእንግሊዝ ወታደር ሊቀመጥበት የሚችለው ኮርቻ ይህ ነው፤ ወይም ከዚህ የቀደመ። እንጨቱ ይሰነጠቅ ስለነበር ወደ 1870ዎቹ መጨረሻ ላይ በብረት ቅስት ተተካ። ከዚያ አረብ ብረት መጣ። የ1890 ሞዴል፣ የ1902 ሞዴል፣ የ1912 ሞዴል እያለ ይቀጥላል። በመካከል ብዙ ጥቃቅን ማሻሻያ አለ፤ እሱን እዚህ መዘርዘር አሰልቺ ነው። ለእርስዎ የሚበቃዎ ይህ ነው፦ ቅስቱ አረብ ብረት ከሆነ መቅደላን ይርሱት።

አሁን ሦስተኛውን ፎቶ ይክፈቱ። የፊተኛው ቅስት እግር ከሳንቃው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይመልከቱ። በብሎን ብቻ ጥርቅም ተደርጎ የታሰረ አይደለም። ማጠፊያ አለው። በማጠፊያው ዙሪያ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያበራል፤ ሲንቀሳቀስ ኖሮ የተፋቀ ነው። ኮርቻውን ጉልበትዎ ላይ አስቀምጠው አንዱን ሳንቃ በቀስታ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይግፉት። ትንሽ ይወዛወዛል። ይህ የ1912 ሞዴል መለያ ነው። በ1902ቱ ሳንቃው ከቅስቱ ጋር ግትር ሆኖ የተያያዘ ነው፣ ንቅንቅ አይልም።

የዚህ ማጠፊያ ምክንያት ደስ ይለኛል፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። የዘመቻ ፈረስ ይከሳል። ከሰፈር ሲወጣ ጀርባው ሙሉ ነው። ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ሥጋው ይረግፍና ጀርባው ቅርጹ ይለወጣል። ለወፍራሙ ጀርባ የተሠራው ግትር ሳንቃ በከሳው ጀርባ ላይ በጠርዙ ብቻ ያርፋል። የሰውየውና የጓዙ ክብደት ሁሉ እዚያች ጠርዝ ላይ ይወድቃል፣ ፈረሱ ይገጠባል። የተገጠበ ፈረስ ደግሞ አይጫንም። እንግሊዞች በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት፣ ከ1899 እስከ 1902፣ ከ300,000 በላይ ፈረስ አልቆባቸዋል። ሁሉም በኮርቻ አልሞተም፤ ረሃቡ፣ ድካሙ፣ ከመርከብ ወርዶ ሳያርፍ መዝመቱ ዋናው ነበር። ግን ትምህርቱ ተወሰደ። ሳንቃው ከጀርባው ጋር አብሮ እንዲዘነብል ማጠፊያ ተሠራለት።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። «የ1912 ሞዴል» ማለት በ1912 የተሠራ ማለት አይደለም። ንድፉ የጸደቀበት ዓመት ነው። ይኸው ኮርቻ በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች አገልግሏል። ዛሬም ለንደን ውስጥ የንጉሡ ፈረሰኛ ዘብ ሲያልፍ ቢያዩ የዚሁ ቤተሰብ ኮርቻ ላይ ነው የተቀመጡት፤ ፈረሰኛ ፖሊሶችም ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ስለዚህ ሞዴሉ የሚነግረን «ከዚህ ዓመት በፊት ሊሆን አይችልም» የሚለውን ብቻ ነው። እስከ መቼ ድረስ ሊሆን እንደሚችል አይነግረንም። ለዚያ ማህተም ያስፈልጋል።

ማህተሞቹን ለማንበብ ክፍሉን ያጨልሙ። የስልክዎን መብራት ከቆዳው ጎን፣ ጠፍጥፈው ያብሩት። ፊት ለፊት ሲበራ የማይታየው ጽሑፍ በጥላው ብቅ ይላል። አሁንም ካልተነበበ ስስ ወረቀት ይደርቡበትና በእርሳስ በቀስታ ያሹት። የሚፈለጉት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ የጎን መሸፈኛው ቆዳ ከሥሩ፣ የእርካብ ጠፍሮቹ ዘለበቱ አጠገብ፣ የሆድ ማሰሪያው ጫፍ፣ የብረት ቅስቱ የውስጥ ፊት። ላቡና ሰሙ የሞላውን ጉድጓድ በመርፌ አይጎርጉሩት፤ ፊደሉን ያጠፉታል።

ያ የዶሮ እግር የሚመስለው የቀስት ምልክት የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ማለት ነው። ብዙ ጊዜ «ደብሊው ዲ» ከሚሉት ፊደላት ጋር ይመጣል፤ የጦር ሚኒስቴሩ ማለት ነው። ዘውድ ከፊደልና ከቁጥር ጋር ካዩ የመርማሪው ማህተም ነው፣ ዕቃውን አይቶ የተረከበው ሰው። ሁለት ቀስቶች ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ካገኙ ደግሞ ዕቃው ከጦሩ ወጥቶ በሕጋዊ መንገድ ተሸጧል ማለት ነው። በእርስዎ አምስተኛ ፎቶ ላይ ከዓመቱ በስተቀኝ እሱን ያየሁ መስሎኛል፣ እርሳሱን ይሞክሩበት።

ቀስቱ ብቻውን ግን «እንግሊዝ» ማለት አይደለም። ቅኝ ግዛቶቹም ተጠቅመውበታል። ቀስቱ «ሲ» በሚለው ፊደል ውስጥ ከገባ ካናዳ ነው። በሁለት «ዲ» መካከል ከቆመ አውስትራሊያ። «አይ» ከሥሩ ካለ ህንድ። የህንዱ ብዙ ነው፤ ካንፑር ከተማ ከ1860ዎቹ ጀምሮ የመንግሥት የፈረስ ዕቃ ፋብሪካ ነበራት። ሰዎች «የህንድ ነው» ሲባሉ ፊታቸው ይጠቁራል፣ አስመስሎ የተሠራ መስሏቸው። ያለ አግባብ ነው። የካንፑር ሥራ እውነተኛ የጦር ዕቃ ነው። አስመስሎ የተሠራው ሌላ ነው፤ ቆዳው እንደ ካርቶን የደረቀ፣ ስፌቱ የሰፋ፣ ቀስቱ ደግሞ ከሚገባው በላይ ጎልቶ፣ ሰው እንዲያየው ከላይ የተመታ ነው። ጦሩ ማህተሙን የሚመታው ለራሱ እንጂ ለገዢ አልነበረም፣ አብዛኛው የተደበቀ ቦታ ነው ያለው።

ዎልሳልን በተመለከተ ዕድለኛ ነዎት። ከበርሚንግሃም አጠገብ ናት፣ በአውቶቡስ የሚደርሱባት። የእንግሊዝ የኮርቻ ሥራ እምብርት ነበረች። የእግር ኳስ ቡድኗ እንኳ ቅጽል ስሙ «ኮርቻ ሠሪዎቹ» ነው። የቆዳ ሙዚየምም አላት። ኮርቻዎ የተሰፋው እርስዎ ዛሬ ከሚኖሩበት ትንሽ ራቅ ብሎ መሆኑ ከሻጩ ተረት ያላነሰ ታሪክ ነው ብዬ አስባለሁ።

ደግሞ አንድ ኮርቻ ላይ አንድ ዓመት ብቻ ይገኛል ብለው አይጠብቁ። መቀመጫው 1915፣ የእርካብ ጠፍሩ 1917፣ የሆድ ማሰሪያው 1940 ሊል ይችላል። ሻጮች ይህን ሲያዩ ይደነግጣሉ። እኔ ደግሞ ሁሉም ነገር አንድ ዓመት ሲሆን ነው የምጠራጠረው። የጦር ኮርቻ የሥራ ዕቃ ነው፣ የተቆረጠው ከመጋዘን በመጣ ሌላ ይተካል። ዓመቱ የተጻፈበትን ቁራጭ ዕድሜ እንጂ የሙሉውን ዕድሜ አይናገርም።

የቀስት ምልክት ጨርሶ የሌለውስ? ወዲያው «የውሸት ነው» አይበሉ። መኮንኖች የፈረስ ዕቃቸውን በራሳቸው ገንዘብ ከግል ኮርቻ ሠሪ ይገዙ ነበር። ንድፉ የጦሩ፣ ዕቃው የግል ነው። ስለዚህ የመንግሥት ማህተም አይኖረውም፤ የሠሪው ስምና አድራሻ ግን መቀመጫው ሥር ወይም ትንሽ የናስ ሰሌዳ ላይ ይገኛል። የእርስዎ ግን የተራ ወታደር ነው፣ አያከራክርም።

አሁን ወደ ልጓሙ። የሻጩ ታሪክ የተወለደው እዚህ ነው፣ ሙሉ በሙሉም ከአየር ላይ የተያዘ አይደለም።

«3 ዲ ጂ» ማለት 3ኛው ድራጉን ጋርድስ ነው። የእንግሊዝ ከባድ ፈረሰኛ ሬጅመንት ነው። ሦስቱ ላባዎች የዌልስ ልዑል ምልክት ናቸው፤ ሬጅመንቱ በልዑሉ ስም ይጠራ ነበር። እነዚህ ፈረሰኞች በእርግጥም ከህንድ ተነስተው ከናፒየር ጋር ወደ ኢትዮጵያ ዘምተዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1868 መቅደላ ላይ ሲሞቱ በዘመቻው ውስጥ ነበሩ። «አቢሲኒያ» የሚለው ቃልም ከጦር ሜዳ ክብራቸው ዝርዝር ውስጥ ገባ። ሻጩ ይህችን ፈልጎ አግኝቷል። ከዚያ «3ኛው ድራጉን ጋርድስ መቅደላ ነበር፣ ይህ የ3ኛው ድራጉን ጋርድስ ነው፣ ስለዚህ ይህ መቅደላ ነበር» አለ። ሬጅመንቱ ግን እስከ 1922 ድረስ በዚያው ቁጥር ቆይቷል፤ በዚያ ዓመት ነው ከሌላ ጋር የተዋሃደው። ጌጡ ከ1868 በፊትም፣ ከ1868 በኋላም በነበሩት ብዙ አሥርት ዓመታት ውስጥ ሊሠራ ይችላል።

ላባው ብቻውን ቢሆን ደግሞ የባሰ ነበር። 10ኛው ሁሳርና 12ኛው ላንሰር የሚባሉት ፈረሰኛ ሬጅመንቶችም የዌልስ ልዑል ላባ ነበራቸው። ቁጥሩ መኖሩ ጠቅሞናል።

ስድስተኛውን ፎቶ አጉልተው ይዩት። ጌጡ የተሰካበትን የልጓም ብረት ነው የምለው። አፍ ውስጥ በሚገባው ብረት ጎን ላይ በትንንሽ ፊደል የተመታ ጽሑፍ አለ፤ «ስቴይንለስ» ይላል። የማይዝግ ብረት ሸፊልድ ከተማ ውስጥ የተገኘው በ1913 ነው፤ ልጓም ላይ ደግሞ የመጣው ከዚያም ዘግይቶ ነው። የቀድሞው ልጓም ተራ ብረት ነው፣ ወታደሩ በአሸዋና በሰንሰለት ሲያሸው የሚውል፣ አንድ ሌሊት ጤዛ ካደረበት የሚዝግ። ከዚያ ደግሞ ጌጡን ያጣበቀውን ብሎን ይመልከቱ። ጭንቅላቱ ባለ መስቀል ነው። እንዲህ ያለ ብሎን የተስፋፋው በ1930ዎቹ ነው። በቀዳዳው ዙሪያ ናሱ ላይ አዲስ ጭረት አለ፣ ሌላው የናስ ገጽ ግን ተወልውሎ ተወልውሎ የላባዎቹ ጫፍ ሊጠፋ ደርሷል። ማለትም አሮጌ ጌጥ፣ አዲስ ልጓም፣ ቅርብ ጊዜ የተሰካ። አንድ ሰው ግድግዳ ላይ ለመስቀል አገጣጥሞታል። ለማታለል አስቦ ላይሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ የግድግዳ ጌጥ እንግሊዝ ውስጥ በየመጠጥ ቤቱ ነው።

እርካቦቹ ብዙ አይናገሩም። ተራ የብረት እርካብ ነው፣ የወታደር ይሁን የገበሬ መለየት ያስቸግራል። ቀኙ እርካብ ላይ የጦር ዘንግ ማስቀመጫ የቆዳ ኩባያ ቢኖር ሌላ ወሬ እናወራ ነበር። የለም።

ምናልባት ነገ ግላስ፣ ማለትም የፈረስ ጀርባ ማልበሻ ጨርቅ፣ ቢያጋጥምዎ የሚጠቅም ነገር ልጨምር። በርሚንግሃም አካባቢ የመኮንን ግላስ አልፎ አልፎ ይወጣል። ወፍራም የሱፍ ጨርቅ፣ ዳር ዳሩ በወርቅ ክር የተሠራ፣ ማዕዘኑ ላይ የንጉሡ ስም ምሕጻር ያለበት። ግላስ ከኮርቻ ይልቅ ለማንበብ ይቀላል፤ ምክንያቱም ያወራል። ምሕጻሩ የቪክቶሪያ ከሆነ ከ1837 እስከ 1901 ነው። የኤድዋርድ ሰባተኛ ከ1901 እስከ 1910። የዘውዱም ቅርጽ ይረዳል፦ ከ1901 እስከ 1952 ባሉት ነገሥታት ዘመን ቅስቱ ክብ ሆኖ ወደ ላይ ያበጠ ነው፤ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን መሃሉ ወደ ታች የሰረጎደ ነው። አሁን ንጉሥ ቻርልስ ክቡን መልሰውታል። ስለዚህ «ክብ ዘውድ ማለት አሮጌ ማለት ነው» የሚለው የቀድሞ ብልሃት ከ2022 ወዲህ ብቻውን አያዋጣም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በላዩ የተጠለፈው የጦር ሜዳ ዝርዝር ነው። በዝርዝሩ ላይ ያለው የመጨረሻ ዘመቻ ግላሱ ከመቼ በፊት ሊሠራ እንደማይችል ይነግርዎታል። የ3ኛው ድራጉን ጋርድስ ግላስ አግኝተው «አቢሲኒያ» ካለበት ከ1868 በኋላ ነው። ልብ ይበሉ፤ «አቢሲኒያ» የሚለው ቃል ዕቃው መቅደላ አለመሄዱን ነው የሚያረጋግጥልዎ። ክብሩ የተሰጠው ከዘመቻው መልስ ነውና። ይህን ስነግራቸው የሚናደዱ ሰዎች አሉ።

ታዲያ የመቅደላ የፈረስ ዕቃ ምን ይመስላል? ለእንግሊዙ ወታደር የእንጨት ቅስት ያለው ኮርቻ፣ የተራ ብረት ልጓም፣ ለአጭር ጠመንጃ የሚሆን አጭር የቆዳ አፎት። የረጅሙ ጠመንጃ አፎት የመጣው ከቦር ጦርነት ወዲህ ነው። ከህንድ የመጡት ብዙዎቹ ፈረሰኞች ደግሞ ፈረሱንም ዕቃውንም ራሳቸው እያቀረቡ የሚያገለግሉ ስለነበሩ የእነሱ ኮርቻ የሀገራቸው ሥራ ነው፣ በእንግሊዝ ሞዴል ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። ይህ ሁሉ ቢሟላ እንኳ ዕቃው መቅደላ ለመድረሱ ወረቀት ያስፈልጋል፦ የቤተሰብ ደብዳቤ፣ የድሮ የጨረታ መዝገብ፣ በዘመኑ የተቀረጸ ጽሑፍ። «አያቴ ነግሮኛል» አይበቃም። መቅደላ የሚለው ስም ዋጋ ይጨምራል፣ ሻጮችም ይህን ያውቃሉ። ሀበሻ ገዢ ሲያዩ ደግሞ ታሪኩ ቶሎ ይመጣል።

ስለ ማጽዳቱ። በአራተኛው ፎቶ ላይ ከጎን መሸፈኛው ጠርዝ ቀይ ዱቄት የሚመስል ነገር ረግፏል። አቧራ አይደለም፣ ቆዳው ራሱ ነው። በዚያ ዘመን የተለፋ ቆዳ ከከተማ አየር የድንጋይ ከሰል ጭስ ይጠጣል፤ ጭሱ ውስጡ አሲድ ሆኖ ክሩን ይበላዋል። ይህ ሲጀምር ዘይት አያድነውም። ያጠቁረዋል፣ ያከብደዋል፣ ማህተሙን ይደፍናል። የኮርቻ ሳሙና ደግሞ ውሃ አለበት፣ ውሃ የነካው ቀይ ቆዳ ጠንክሮ ይሰነጠቃል። ለስላሳ ብሩሽ፣ ደረቅ ክፍል፣ ከማሞቂያ የራቀ ቦታ። ግድግዳ ላይ አይስቀሉት። ቅስቱ ሥር ጥቅል ብርድ ልብስ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ዱቄቱ ከበዛ የቆዳ ጥገና ባለሙያ በአልኮል የሚቀባ ማጠንከሪያ አለው፣ ያንን በቤት ውስጥ አይሞክሩ።

ተሸውደዋል ወይ? በመቅደላ ዋጋ ከገዙ አዎ። የ1915 ኮርቻ ብርቅ አይደለም። ጦሩ በነሐሴ 1914 ወደ 25,000 ፈረስ ነበረው፤ በ1917 ፈረስና በቅሎው ከ800,000 በላይ ደርሷል። ሁሉም ኮርቻ አይጫንም፣ ብዙው ጎታችና ጭነት ተሸካሚ ነው። ቢሆንም ዎልሳል ሌት ተቀን ሰፍታለች። የሻጩን ቃል በጽሑፍ ወይም በማስታወቂያው ላይ ካለዎት ይዘው ይመለሱና ይደራደሩ። ከመመለስዎ በፊት ግን ስለ ጌጦቹ ያስቡበት። ከጠቅላላው ዕቃ እኔን የሚያጓጓኝ እነሱ ናቸው።

ስለዚህ አንድ ፎቶ ይቀራል፦ የጌጡ ጀርባ። ናሱ ቀልጦ በቅርጽ በወፍራሙ የፈሰሰ ነው ወይስ ስስ ቆርቆሮ ተጭኖ የተሠራ? ከጀርባው የድሮ መንጠቆ ወይም የተበየደ ቀለበት ምልክት አለው? በላባዎቹ ጀርባ ያለው ጉድጓድ ውስጥ የደረቀ አሮጌ የናስ መወልወያ ተጠራቅሟል? ብሎኑን የሚፈቱት ልኩ በሆነ መፍቻ ብቻ ነው፣ አንድ ጠብታ ዘይት ብሎኑ ላይ ብቻ አድርገው፣ አንድ ሌሊት አሳድረው። ጠዋት እምቢ ካለ ይተዉት። እንደተሰካ ከጎን አንስተው ይላኩልኝ፣ ከዚያው እናነባለን።